የጋሽ ፉጨት ቁጥር

«ቁጥሩ ወጥቷል እኮ! ቁጥሩን አውጥቶ ከመሬት በታች የሚሞት ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?»

ይህን ያሉት የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ከዚያ በፊት ምን ሲባባሉ እንደነበር አላስታውስም፤ አጎቴ ከመለሰላቸውም ግማሹን ዘመን ወስዶብኛል። ይህቺን ግን እንዳለች ይዣታለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከተሰቀሉት የዝናብ ካፖርቶች ጀርባ ተሸጉጬ ነበር የምሰማው። እውነቱን ለመናገር፣ ስሰማት ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

«እና እኔ ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?» አለ አጎቴ።

«ምንም! ምንም አታድርግ። ሰውየው ፈረቃውን ጨርሶ በእግሩ ወጣ፤ ቁጥሩን በገዛ እጁ አወጣ፤ መንገድ ላይ አመመው። በቃ። ሰሌዳው ራሱ ይመሰክራል። ሰኞ ሥራ እንጀምራለን።»

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

እናቴ የማዕድኑ የመብራት ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ክፍሉ ከዋሻው አፍ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ዙሪያውን ማንጠልጠያ ብቻ። በየማንጠልጠያው ሥር ቁጥር ተጽፏል፤ በየማንጠልጠያው ላይ ሄልሜት ላይ የሚታሰር መብራት ይሰቀላል። ባትሪው ሲሞላ ቀይ ዓይን ያበራል፤ ሲጠግብ አረንጓዴ። ቤቱ የባትሪ አሲድና የእርጥብ ላስቲክ ሽታ አለው። ዛሬም ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ እናቴ ከኋላዬ የምትመጣ ይመስለኛል።

መብራቱን በመስኮት ስታቀብል ለእያንዳንዱ ሰው «መብራቴን መልስልኝ» ትለዋለች። መቶ ሃያ ሰው፣ መቶ ሃያ ጊዜ። ለንብረት የምትሳሳ መስላኝ አፍርባት ነበር። ጸሎት መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

መብራቱ የወጣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት በትልቅ መዝገብ ትጽፋለች። እሷም ሆነች እኔ ፊደል የለየነው ትምህርት ቤት ገብተን አይደለም፤ እሷ በሩ ላይ ከተለጠፈው የደንብ ወረቀት፣ እኔ ከመዝገቧ። አጎቴ ለዚህ ነው «ጸሐፊዬ» እያለ የሚጠራኝ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የቀን ፈረቃው ፎርማን ነበር፤ ወደ ዋሻውና ውስጡ በቁጥር ወደሚጠሩት ቅርንጫፎቹ ሰው የሚያስገባውም የሚያስወጣውም እሱ ነው።

በሩ አጠገብ ሰሌዳው ተሰቅሏል። ግራው «ገብቷል» ይላል፤ ቀኙ «ወጥቷል»። እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥሩ የተቀረጸባት፣ ከኮት ቁልፍ ትንሽ የምትሰፋ ናስ አለችው። ሲገባ በግራው ምስማር ላይ ያንጠለጥላታል፤ ሲወጣ ወደ ቀኝ ያዛውራታል። ይህንን «ቁጥር ማውጣት» ይሉታል። አንድ ቁጥር ግራው ላይ ከቀረ ሰው ከውስጥ ቀርቷል ማለት ነውና ፈላጊዎች ተመልሰው ይገባሉ። ስለዚህ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ማንም ሰው የሌላውን ሰው ቁጥር አይነካም። ወንድም የወንድሙን፣ አለቃ የሠራተኛውን አይነካም። አባቴ፣ እሱም እዚያው ቆፋሪ ነበር፣ አንድ ቀን በጨዋታ የጓደኛውን ቁጥር ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ እናቴ በመወልወያ እንጨት ስትለው አይቻለሁ።

አርባ ሰባት ቁጥር የጋሽ ፉጨት ናት።

ጋሽ ፉጨት ረጅም፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ፣ የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ባል ነው። ከመሬት በታች አያፏጭም። «እዚያ ያለው አየር የጋራ ነው፤ በፉጨት አላባክነውም» ይላል። ከዋሻው አፍ አንድ እርምጃ ሲወጣ ግን ይጀምራል፤ እያፏጨ መብራቱን ይመልሳል፤ እያፏጨ ወደ ቤቱ ይገሰግሳል። ታዲያ በፉጨቱ ተወስዶ ቁጥሩን ይረሳል።

«አንተ ፉጨት! ሰሌዳው ላይ ገና እየቆፈርክ ነው!» ይሉታል ከኋላ።

«ተዉት፣ እሱ ይቆፍር፤ እኔ ልብላበት» እያለ እየሮጠ ይመለሳል።

ሦስት ጊዜ የረሳ ሰው በማግስቱ ለፈረቃው ሁሉ ውኃ ይሸከማል። ጋሽ ፉጨት በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ረስቷል። ቆጥሬለታለሁ።

ዓርብ ዕለት፣ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በግድግዳው ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንኳኩ። ድምፅ አልሰማሁም፤ መብራቶቹ ብቻ እርስ በርሳቸው ተነካኩ። እናቴ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ትንሽ ቆይቶ ሰዎች ሲሮጡ አየን፤ ከዚያም ረጅም ጊዜ ምንም የለም። በመጨረሻ ቃሬዛ ወጣ። ከፊት የያዘው አጎቴ ነው፤ ፊቱ በአቧራ ዱቄት መስሏል። ቃሬዛው ላይ ያለውን ሰው እስከ አናቱ በብርድ ልብስ ሸፍነውታል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ካልሲው ተረከዙ ላይ በቀይ ክር ተጥፏል። ልብስ ሰፊዋ ሌላ ክር ያለቀባት ጊዜ የጣፈችለት ነው፤ እሱ ራሱ ለሰው ሁሉ እያሳየ ሲስቅባት ከርሟል።

እናቴ «ጌታ ሆይ» አለች። ቀጥላ «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብላኝ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሮጠች።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠራተኞች ከጨለማው ሲወጡ ፀሐዩ ስለሚወጋቸው ዓይናቸውን ይከልላሉ። ጋሽ ፉጨት ደክሞት ተኝቷል፣ ፀሐዩ እንዳይወጋው ሸፈኑት አልኩ። ያላፏጨውም ስለተኛ ነው። ጭነው የወሰዱት መኪና ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ሰው ሲናገር ሰማሁ፤ ይኸው፣ የታመመ ሰው ደግሞ ይድናል።

የቀሩት ሰዎች አንድ በአንድ ገቡ፤ መብራታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ቁጥራቸውን አወጡ። አንዱ ሄልሜቱን እንዳደረገ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ጓደኛው ብብቱን ይዞ አስነሳው። ሲሄዱ ሰሌዳውን አየሁ። ግራው ላይ አርባ ሰባት ብቻዋን ቀርታለች።

ሦስተኛው መሆኑ ነው። ታሞ ሳለ ውኃ ሊያሸክሙት!

ሕጉን አውቃለሁ። የመወልወያ እንጨቱም ከጥግ ቆሟል። ግን ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውሸት አይደለም። ወንበር ጎትቼ ወጣሁ፤ ናሷን ከግራው ምስማር አንስቼ ቀኙ ላይ ሰቀልኳት። ከጠበቅኩት በላይ ቀዝቃዛ ነበረች። ወንበሩን ወደ ቦታው ስመልስ ከውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁና ካፖርቶቹ ጀርባ ገባሁ።

መጀመሪያ የገባው አጎቴ ነው፤ ብቻውን። ሰሌዳው ፊት ቆመ። እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ እንደ መንካት አደረገና ተወው። ከዚያ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «እፎይ፣ አምላኬ» አለ። ጋሽ ፉጨት ቁጥሩን ስላልረሳ ደስ ብሎት ነው አልኩ በልቤ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ገቡ፤ ቁጥሩን አዩ፤ መጀመሪያ ላይ ያወጋኋችሁን ተናገሩ። ሲወጡ የእናቴን መዝገብ በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

ቁጥሩን ያወጣ ሰው አይሞትም! ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያሉት፤ ከሳቸው በላይ ስለ ማዕድን የሚያውቅ ማን አለ? ሳላውቀው ጋሽ ፉጨትን አድኜዋለሁ። ቤት ስገባ መሬት አልረግጥም ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ የመወልወያው እንጨት ትዝ እያለኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አጎቴ መዝገቡን ይዞ ቤታችን መጣ። ጓሮ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ከራሴ በላይ ክፍት ነው፤ በጣቶቼ ጫፍ ስቆም ውስጡ ይታየኛል። አባቴ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ሶል በመዶሻ እየቸነከረ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ሐኪም ቤት ወዳለበት ከተማ ከወንድሟ ጋር ሄዳለች።

«እታለም፣ አንዲት መስመር ናት» አለ አጎቴ። «የተመለሰበት ሰዓት የሚለው ባዶ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ብለሽ ሙዪው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።»

«መብራቱ ተመልሷል?»

«ተሰባብሯል።»

«ተመልሷል ወይ ነው የምልህ፣ ወንድም ጋሼ።»

መዶሻው ቆመ፤ ደግሞ ቀጠለ።

«አልተመለሰም» አለ አጎቴ።

«ታዲያ እኔ ያልተቀበልኩትን መብራት ተቀበልኩ ብዬ ልጻፍ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ያልሰማሁት ነገር ተናገረች። ከዚያ ደግሞ ከፍ አለ፦ «በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እኔ ማንበብ የተማርኩበት ነው፤ በቃሌ ልንገርህ? አደጋ ሲደርስ አሠሪው በዚያው ቀን ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ያሳውቃል፤ ቦታው ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪያየው አይነካም። በዚያው ቀን ይላል! ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አሠሪው እኔ ነኝ እንዴ?»

«ትናንት በፈረቃው ላይ የነበረው ኃላፊ ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ካላሳወቀ ኃላፊው ያሳውቃል ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፣ ሄደህ አንብበው።»

«ካሳወቅን ዋሻው ይዘጋል፣ እታለም። ወር ይሁን፣ ሦስት ወር ይሁን ማን ያውቃል? መቶ ሃያ ሰው ምን ይሠራል?»

«ካላሳወቅን ሰኞ ሦስተኛው ዋሻ ማን ነው የሚገባው?»

የመለሰው አባቴ ነው፤ ከጫማው ቀና ሳይል።

«እኔ ነኝ። የወደቀውን የምናነሳው እኛ ነን።» ምስማር ከአፉ አውጥቶ ጨመረ፦ «ለዚህ አይደል ሶሉን የማጠብቀው? ጣሪያ ሲወድቅብኝ እግሬ እንዳይንሸራተት።»

ማንም አልሳቀም።

እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ነገሩን የተረዳሁት፣ አጎቴ የቤት ሥራውን ስላልሠራ እናቴ እየተቆጣችው እንደሆነ ነው። በአጎቴ ከማፈር ይልቅ አዘንኩለት። ዛሬ ሳስበው አልተሳሳትኩም እላለሁ።

«ቆይ» አለች እናቴ። «ቁጥሩን ማን አወጣው? እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ነህ?»

«እኔ አይደለሁም! በልጆቼ እምልልሻለሁ። ስገባ ወጥቶ ነው ያገኘሁት። እኔ ምን ልበል ታዲያ? ሰሌዳው ነው የተናገረው፤ በሰሌዳው ላይ እንዴት አድርጌ...»

«እኔ ነኝ!» አልኩ።

እጄ አረፋ እንደሆነ፣ ሳህን እንደያዝኩ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሦስቱም ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ሦስተኛው ስለሆነ ነው፤ ውኃ እንዳያሸክሙት ብዬ። ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ አልዋሸሁም። ደግሞ ጥሩ ሆነ አይደል አጎቴ? ቁጥሩን ያወጣ ሰው አይሞትም፤ ሥራ አስኪያጁ ሲነግሩህ ሰምቻለሁ። አሁን ከሐኪም ቤት መቼ ነው የሚመጣው?»

አባቴ መዶሻውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እናቴ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ሳህኑን ከእጄ ወሰደችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ንገራት።»

«እኔ?»

«ተሸክመህ ያወጣኸው አንተ ነህ። ንገራት።»

«እታለም፣ ልጅ ናት እኮ...»

«ለእሷ መንገር ካቃተህ ለማን ልትናገር ነው?»

እዚህ ላይ ብዙ ዓመት ልዝለል። አጎቴ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ እሱ ሰማንያ ሊሞላው፣ እኔ አርባን ተሻግሬ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነገረኝ። ያን ዓርብ መብራት ክፍል የገባው ቁጥሩን ሊያወጣ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ልከውት። እጁን ሲያነሳ ናሷ ከግራ የለችም። «እግዜር ከዚህ ነገር እጄን አወጣልኝ አልኩ» አለኝ። «ለካ አንቺ ነሽ። ዘመኔን ሙሉ ያሳፈረኝ፣ ያኔ እፎይ ማለቴ ነው።» እኔ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ያ ውሸት በእጄ የተሠራ እየመሰለኝ ስንት ሌሊት ፈጣሪዬን ይቅርታ ለምኛለሁ። ሁለታችን አንዲት ናስ ተሸክመን ኖረናል፤ ሳንነጋገር። ያን ቀን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተያይዘን ሳቅን።

ያን ቅዳሜ ግን አጎቴ ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ዓይኑ ከዓይኔ እኩል ሆነ። በጆሮው ጉድጓድ ውስጥ ገና የትናንቱ አቧራ አለ።

«ጸሐፊዬ» አለ። «ጋሽ ፉጨት... ሞቷል።»

«አልሞተም። ቁጥሩን...»

«ሞቷል። ቁጥሩ አያድንም። ስታወጪለትም አስቀድሞ ሞቶ ነበር።»

«የት?»

«ውስጥ። ሦስተኛው ዋሻ ውስጥ፣ ከአፉ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ብሎ።»

«መቼ?»

«ትናንት። ስምንት ሰዓት ከሃያ።»

«ምን ሆኖ?»

አጎቴ እናቴን አያት፤ እናቴ ዓይኗን አላነሳችለትም።

«ጣሪያው ወደቀበት። ድጋፍ እንጨቱ አንሶ ነበር። አንሷል ብሎ ራሱ ረቡዕ ነግሮኝ ነበር። እኔም ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያቸው ነበር፤ እንጨቱ ሰኞ ይመጣል አሉኝ፤ ዝም አልኩ።»

በኋላ እናቴን ተክቼ መብራት ክፍል ስገባ፣ አደጋ የሚያሳውቁበትን ቅጽ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፤ አስቀድሞ ተነግሮ እንደነበር። አንድም አልቀረም። አጎቴ ያን ቅጽ ወጥ ቤታችን ወለል ላይ ተንበርክኮ ለስምንት ዓመት ልጅ በቃሉ ሞልቶታል። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ፣ ስሙ ይመስገን፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞልቼዋለሁ፤ ሁለቱንም በዚያው ቀን።

ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ፣ እስከ ዛሬ ሰው ሲያወራው እሰማለሁ፣ ዋሻውን ዘጉት። በዘጉት በአራተኛው ቀን የቀረው ጣሪያ ወረደ። ከሥሩ አንድ ሰው አልነበረም። አባቴ ይህንን በምጽፍበት ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ከሬዲዮው ጋር ይከራከራል። ግን ያን ቅዳሜ ይህንን ማንም አያውቅም፤ አጎቴ የሚያውቀው ፎርማንነቱን እንደሚያጣ ብቻ ነው።

አለቀስኩ። ለጋሽ ፉጨት ይሁን፣ ስለተታለልኩ ይሁን አላውቅም። አባቴ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ፤ ቆዳና ላብ ይሸታል። የተቸነከረው ጫማ ፊቴ ነው። ያኔ ነው ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ የወጣኝ።

«ሰኞ አባዬም እዚያው ነው የሚገባው?»

ቧንቧው ጓሮ ክፍት ቀርቶ ውኃው ሲፈስ ይሰማል። አጎቴ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ፤ ጉልበቱን አራገፈ። መዝገቡን ከፈተ፤ ባዶዋን መስመር በጣቱ ዳሰሳት፤ ዘጋውና ወደ እናቴ ገፋው።

«እንዳለች ተያት» አላት። «ባዶ ትሁን።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ «ስልክ ቤቱ ቅዳሜ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አለው።

«እስከ አሥራ አንድ።»

«ስለ ቁጥሩ ቢጠይቁህስ?» አለች እናቴ።

«ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንዳወጣችው እነግራቸዋለሁ። ከስልክ ቤት በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቤት ሄጄ ደግሞ መደወሌን እነግራቸዋለሁ፤ ከሰው አፍ እንዳይሰሙት።» ኮፍያውን አነሳ፤ በር ላይ ደርሶ ቆመ፤ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ሰኞ ማንም አይገባም። ነይ ጸሐፊዬ፣ ጫማሽን አድርጊና አብረሽኝ ነይ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን፤ ሁሉንም ለተቆጣጣሪዎቹ እነግራቸዋለሁ። ከተንተባተብኩ አንቺ ታስታውሺኛለሽ።»